በደቅ ደሴት ለእናቴ ቤት ልሠራ አስቤያለሁ፤ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ከመግዛቴ በፊት የማንን ፈቃድ ልጠይቅ?

መምህር ከፍኖተ ሰላም፦

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ከረማችሁ። የተወለድሁት በጣና ሐይቅ ውስጥ በምትገኘው በደቅ ደሴት ሲሆን ላለፉት 14 ዓመታት የኖርሁት በፍኖተ ሰላም በመምህርነት ሥራ ላይ ነው። አባቴ ባለፈው ዓመት በጥር ወር ዐርፏል። እናቴ ግን ከታናሽ ወንድሜ ጋር እዚያው በአባቴ ግቢ ትኖራለች። ቤቱ አባቴ በወጣትነቱ የሠራው የሣር ክዳን ቤት ነው፤ ምስጥ ማገሩን ስለ በላው ከበሩ በስተቀኝ ያለው ግድግዳ ወደ ውጭ ገፍቷል። በነሐሴ ልጠይቃት ሄጄ ባደርሁበት ሌሊት ዝናቡ ሲጠነክር እናቴ ከመኝታዋ ተነሥታ፣ ኩራዝ ሳታበራ፣ ሳትዳብስ፣ ጠብታው የሚወርድበት ቦታ ላይ ድስት አኑራ ተመልሳ ተኛች። ጣራው የሚያፈስበትን ቦታ በጨለማ እስክታውቀው ድረስ ስንት ክረምት እንዳለፈ ሳስበው እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ።

ከመምህራን ዕቁብ የደረሰኝ ገንዘብ አለ። በእርሱ መሠረቱ ድንጋይ፣ ግድግዳው በደንብ የቦካ ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ የሆነ ባለ ሦስት ክፍል ቤት ልሠራላት ቆርጫለሁ። የቸገረኝ ሥራው ሳይሆን ፈቃዱ ነው። ዘመዶቼ «የአባትህ ርስት አይደለም ወይ፤ ማን ይጠይቅሃል?» ይሉኛል። በትምህርት ቤታችን ያለ አንድ ባልደረባዬ ደግሞ በከተማ ለራሱ ቤት ሲሠራ የፕላን ስምምነትና የግንባታ ፈቃድ እንዳወጣ፣ እኔም ያለዚያ ብጀምር እንደሚፈርስብኝ ነግሮኛል። በቀበሌው ያገኘሁት አንድ ኃላፊ ጉዳዩን ቆሞ ሰማኝና «ሥራ፤ ችግር የለም» ብሎ አሰናበተኝ። ሦስቱ የተለያየ ነገር ስለ ነገሩኝ የትኛውን ልያዝ አላውቅም።

ሌላም ነገር አለ። ለቤቱ የሚሆን ቦታ ሁለት ነው። አንደኛው አሁን አሮጌው ቤት ያለበት፣ ከፍ ያለና ጥቁር ድንጋይ የበዛበት ግቢ ነው። ሁለተኛው ወደ ሐይቁ ወረድ ብሎ የአባቴ ማንጎዎች ያሉበት ሜዳ የእርሻ ቦታ ነው። እናቴ የታችኛውን ትመርጣለች፤ ምክንያቷም ውኃ መቅጃው ቅርብ መሆኑ ነው፤ ጉልበቷ እየደከመ እንስራ አዝሎ ዳገቱን መውጣት ከብዷታል። በደሴት ላይ ወይም በሐይቅ ዳር የሠራችሁ፣ ወይም የመሬት ሕጉን የምታውቁ ሰዎች፣ በየትኛው ቢሮ ጀምሬ የትኛውን ወረቀት ማስቀደም እንዳለብኝ ብታስረዱኝ ውለታችሁን አልረሳም።

የመሬት አስተዳደር ጡረተኛ ከደብረ ማርቆስ፦

መምህር፣ ስለ አባትዎ እግዚአብሔር ያጥናችሁ። በወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ለረጅም ጊዜ ስሠራ የቆየሁት በዚሁ ጉዳይ ስለሆነ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍልዎ።

ከዘመዶችዎ ንግግር ልነሣ። ርስት የሚለው ቃል በጎጃም ሰው አፍ እስከ ዛሬ አለ፤ ክብሩም ይገባኛል። ነገር ግን የገጠር መሬት በ1967 በወጣው አዋጅ ከግል ባለቤትነት ከወጣ ወዲህ ርስት በሕግ ፊት መብት አያሰጥም። አሁን ባለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ገበሬው ያለው የይዞታ መብት ነው። ያው አንቀጽ ግን ሰው በጉልበቱና በገንዘቡ በመሬቱ ላይ የሠራው ቋሚ ንብረት የራሱ መሆኑን ስለሚደነግግ፣ ለእናትዎ የሚሠሩት ቤት በሕጋዊ ይዞታ ላይ እስከ ቆመ ድረስ ንብረትነቱ የጸና ነው። ስለዚህ ሌላው ሁሉ ከመነሣቱ በፊት የሚጣራው መሬቱ በማን ስም እንደ ተያዘ ነው።

ይህን የሚነግረን የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ነው። በክልላችን ደብተር ሲሰጥ ባልና ሚስት በአንድነት ስማቸው ተጽፎ የሁለቱም ፎቶግራፍ ይለጠፍ ነበር። እናትዎ በደብተሩ ላይ በስምና በፎቶግራፍ ካሉ የእርሳቸው ድርሻ የውርስ ጉዳይ አይደለም፤ ትናንትም የራሳቸው ነበረ፣ ዛሬም የራሳቸው ነው። በውርስ የሚታየው የአባትዎ ድርሻ ብቻ ነው። ለእርሱ በወረዳው ፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ አውጥታችሁ፣ ያንን ለወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት አቅርባችሁ ደብተሩን ማሳደስ ይጠበቅባችኋል። ብዙ ቤተሰብ ይህን እርምጃ «ተስማምተናል፣ ምን ያጣላናል» እያለ ይተወዋል። መስማማታችሁ መልካም ነው፤ ነገር ግን በሟች ስም ብቻ ባለ ደብተር ላይ ማንም ባለሥልጣን ለግንባታ ሊፈርምላችሁ አይችልም።

አሁን በግልጽ ልናገር፤ አይቀየሙኝ። ፈቃዱን በእርስዎ ስም አይጠይቁ። የገጠር መሬት ሕግ መነሻው መሬት በግብርና ለሚተዳደር ሰው የሚሰጥ መሆኑ ነው። እርስዎ የመንግሥት ደመወዝተኛ ነዎት፤ ኑሮዎም በፍኖተ ሰላም ነው። ማመልከቻው በእርስዎ ስም ከገባ ስለ እናትዎ ቤት የነበረው ጥያቄ ስለ እርስዎ የይዞታ መብት ወደሚነሣ ጥያቄ ይለወጥና ያልነበረ ክርክር ይከፍታል። አመልካች እናትዎ ይሁኑ። ገንዘቡን እርስዎ ማውጣትዎ በወንድምዎና በእርስዎ መካከል እንዲታወቅ ከፈለጉ በሽማግሌ ፊት የቤተሰብ ስምምነት ጽፋችሁ ፈርሙበት፤ ያ ከቀበሌው ማመልከቻ ጋር የሚቀላቀል ነገር አይደለም።

ባልደረባዎ የነገረዎት ስለ ከተማ እውነት ነው። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በዋናነት የወጣው 10,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ላላቸው ከተሞች ነው፤ የከተማ ቦታ የሚመራውም በሊዝ አዋጁ በቁጥር 721/2004 ነው። የፕላን ስምምነት፣ የሕንፃ ምድብ፣ የባለሙያ ንድፍ የሚባሉት ከዚያ የሚመጡ ናቸው። ለባሕር ዳር በጣም የቀረበና ወደ ከተማ ወሰን የገባ ደሴት ቢሆን ኖሮ መልሴ ይለይ ነበር። የእርስዎ ግን የገጠር ቀበሌ ስለሆነ የሚዳኘው በክልሉ የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ሕግ ነው። ይህ ማለት ያለ ፈቃድ ይሠራል ማለት አይደለም። በገጠር የሚጠየቀው መሬቱ ለምን ጥቅም ተመደበ የሚለው ነው፤ አሮጌ ቤት በቆመበት ግቢ አዲስ መተካት አንድ ነገር ነው፣ የእርሻን መሬት ወደ ቤት ቦታ ማዞር ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው በቀበሌው የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ ታይቶ በቀላሉ ሊያልቅ ይችላል። ሁለተኛው የአጠቃቀም ለውጥ ስለሆነ የወረዳውን ውሳኔ ይጠይቃል፤ በሐይቅ ዳር ሲሆን ደግሞ የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ሳያየው መወሰን የለበትም።

«ሥራ፤ ችግር የለም» ስላሉት ኃላፊ አንድ ያየሁትን ልንገርዎ። ቀድሞ በሠራሁበት አንድ ወረዳ አንድ ገበሬ በዚሁ ዓይነት የቃል ፈቃድ ለልጁ ቤት የድንጋይ መሠረት አወጣ። ግድግዳው ሳይቆም ኃላፊው ተዛወሩ። የተተኩት ሰው መዝገብ ሲያገላብጡ ምንም ስላጡ ሥራው እንዲቆም አዘዙ። እርሳቸውን ልወቅስ አልችልም፤ ያለ ወረቀት ምን ይዘው ይፍቀዱ? ገበሬው እየተመላለሰ ሁለት ክረምት አለፈ፤ ለልኬት ስሄድ በመሠረቱ ላይ ሣር በቅሎ ፍየሎቹ ሲግጡበት አገኘሁ። በመጨረሻ ፈቃዱን አገኘ፤ ነገር ግን የተከመረው እንጨት በዝናብ በስብሶ ነበርና ቤቱን እንደ አዲስ ጀመረ። ቃል የሰጠውን ሰው ያመስግኑ፤ ከዚያ «ይህንኑ በደብዳቤ ይስጡኝ» ይበሉ።

ግንበኛ ከባሕር ዳር፦

ከላይ ጋሼ የጻፉት ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔ በሥራው በኩል ያየሁትን እጨምራለሁ። በዘጌና በደሴቶቹ ላይ ቤት ስሠራ ያስተዋልሁት አንድ ነገር ቢኖር፣ በየብስ ላይ ያለ ሰው ሥራ ቢታገድበት ዕቃውን በጋሪ ጭኖ ይመልሳል፤ ደሴት ላይ ያለ ሰው ግን ሊመልሰው አይችልም። ሲሚንቶው በጀልባ፣ ቆርቆሮው በጀልባ፣ አሸዋው በጀልባ ሄዶ፣ ከወደቡ ደግሞ በሰው ትከሻ ወጥቶ ነው ቦታው የሚደርሰው። መልሶ ለማውረድ የሚወጣው ገንዘብ ከዕቃው ዋጋ ጋር ይወዳደራል። ስለዚህ ወረቀቱ ሳያልቅ አንድ ከረጢት እንኳ ውኃ አይሻገር። ነጋዴው «ዋጋው ሊጨምር ነው» ብሎ ቢያጣድፍዎትም ይታገሡ። በጥድፊያ የተሻገረ ሲሚንቶ እርጥበት ወስዶት ከላይ እስከ ታች ድንጋይ ሆኖ ሲጣል በዓይኔ አይቻለሁ፤ እርሱም የቆመው ፊርማ ሲጠበቅ ነበር።

ሁለተኛው ጉዳይ ድንጋይና እንጨት ከየት ይመጣል የሚለው ነው። ሰው ቤቱን ሲያስብ ለቤቱ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ለዕቃው ግን ፈቃድ እንዳለው አያስብም። ከሐይቁ ዳርቻ ድንጋይ ለቅሞ አሸዋ መጫን ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም ዳርቻው የማንም ይዞታ ስላልሆነ ለዚህም ቀበሌውን መጠየቅ ግድ ነው። ግቢው ጥቁር ድንጋይ የበዛበት ከሆነ ግን መታደል ነው፤ መሠረት ሲቆፈር የሚወጣው ድንጋይ ራሱ ለመሠረቱ ይሆናል። እንጨት በተመለከተ ዋንዛውንም ሆነ ሾላውን አትንኩ። በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ የቀረው ደን ለሐይቁም ለአገሩም የቀረ ቅርስ ነው። ለምሰሶና ለማገር የባሕር ዛፍ አጠና ከየብስ ይግዙ፤ ሲገዙም የሻጩን ደረሰኝና የእንጨቱን የይለፍ ወረቀት ይያዙ፤ በኬላም በወደብም የሚጠየቀው እርሱ ነው። በዳርቻው ያለውን ደንገል ለመተላለፊያ ብላችሁ አትጨዱት። ታንኳ የሚሠሩት ወገኖቻችን የሚኖሩበት፣ ዓሣውም የሚራባበት ነው።

የጣና ሐይቅ ከነደሴቶቹ በ2007 በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭነት ተመዝግቧል። በባዮስፌር ሪዘርቭ ውስጥ ጥብቅ የሚባል ክልል አለ፣ በዙሪያው ጥበቃ የሚደረግለት አዋሳኝ ክልል አለ፣ ከዚያ ወዲያ ሰው እንደ ወትሮው የሚኖርበትና የሚያርስበት ክልል አለ። ይህ ምዝገባ ሰው ቤት አይሥራ አይልም። ሆኖም ቦታዎ በየትኛው ክልል እንደሚወድቅ የወረዳው ባለሙያ በጽሑፍ እንዲያረጋግጥልዎ ማድረግ ኋላ ከሚመጣ ጥያቄ ያድናል።

ቅርስም አለ። በደቅ ዳርቻ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት የናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን፣ ፊት ለፊት ደግሞ የነገሥታት አፅም ያረፈበት የዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም እያለ፣ በዚያ ምድር መሠረት የሚቆፍር ሰው አሮጌ ግንብ ወይም የሸክላ ስብርባሪ ቢያገኝ ሊደንቀው አይገባም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቁፋሮ ቅርስ ያገኘ ሰው ሥራውን አቁሞ እንዲያሳውቅ ያዝዛል። ቦታዎ ከቤተ ክርስቲያን ይዞታ ጋር የሚዋሰን ከሆነ ከመቆፈራችሁ በፊት አስተዳዳሪውን ወይም የገዳሙን መምህር ወስዳችሁ ወሰኑን አብራችሁ ርገጡ። ይህን በሕግ ስለ ተጻፈ ብቻ አልልም፤ እናትዎ በየበዓሉ የሚስሙት ደጅ ስለሆነ ነው።

መጸዳጃ ቤቱንም ከቤቱ ጋር አብራችሁ በንድፉ ላይ አስገቡት። አንዳንድ ሰው ቤቱን አስፈቅዶ መጸዳጃውን ኋላ ባገኘው ቦታ ይቆፍረዋል። በደሴት ላይ ከጉድጓድ የሚሰርገው ሁሉ መድረሻው ሐይቁ ነው፤ ያንኑ ውኃ ደግሞ ሰው ይጠጣዋል። ከቤቱ በታች፣ ከውኃ መቅጃው በላይ በጭራሽ አይቆፈርም።

ዕቃ የማሻገሪያውን ሰዓት በተመለከተ፣ ጣና ከሰዓት በኋላ ነፋስ ያነሣበታል፤ ቆርቆሮ የጫነ ጀልባ ነፋስ ሲመታው እንደ ሸራ ይገፋል። በማለዳ ጫኑ፤ ሲሚንቶውን ከጀልባው ወለል በእንጨት ከፍ አድርጋችሁ በላስቲክ ጠቅልሉት።

መምህር ከፍኖተ ሰላም፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ለወንድሜ ስልክ ደውዬ ደብተሩን ከሳጥን አውጥቶ እንዲያነብልኝ አደረግሁ። ጋሼ እንዳሉት የእናቴ ስምም ፎቶግራፍም አለበት፤ ይህን ስሰማ ትልቅ ሸክም ወረደልኝ። እናቴ ከኋላ ሆና «ያኔ ለፎቶግራፉ ነጠላ ተውሼ ነው የሄድሁት» ስትል በስልኩ ሰማኋት።

ወንድሜ የአዋሳኞቹን ስም ሲያነብልኝ ግን አንድ ነገር አሳሰበኝ። የላይኛው ግቢ በአራቱም ማዕዘን የሰው ስምና መንገድ ተጽፎበታል። የታችኛው የማንጎ ቦታ በሦስት በኩል የጎረቤቶቻችን ስም ሲኖርበት በምዕራብ በኩል የተጻፈው «ባሕር» ብቻ ነው። አባቴ ውኃው ሲሸሽ እየተከተለ በቆሎ የሚዘራበት መሬት ከማንጎዎቹ ወደ ታች ነበረ። እናቴ ቤቱ እንዲሆንላት የምትፈልገው ከማንጎዎቹ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ጥላው በሚያርፍበት ሜዳ ላይ ነው። ይህ ቦታ የእኛ ነው ወይስ አይደለም?

የደቅ ልጅ፦

መምህር፣ እኔም የዚያው አገር ልጅ ነኝ፤ ባሕር ሸሽ፣ ማለትም ውኃው ሲሸሽ የሚገለጠው የሐይቅ ዳር መሬት፣ ምን እንደሆነ ከማናችሁም በላይ የሚያውቀው የእኛ ቤተሰብ ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልሁም።

በደብተሩ ላይ «ባሕር» የተባለው አዋሳኝ እንደ ሌላው ጎረቤት በቦታው አይቆምም። የጣና ውኃ ከክረምቱ በኋላ በመስከረምና በጥቅምት ይሞላል፣ ከዚያ እየጎደለ ሄዶ ክረምት ከመግባቱ በፊት ዝቅ ይላል። በዚህ ላይ በ1988 በዓባይ መውጫ የጨረጨራ ግድብ ከተሠራ ወዲህ የሐይቁ ከፍታ በሰው እጅም ጭምር ይመራል፤ ለዚህ የተያዘው ልክ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,784 እስከ 1,787 ሜትር ነው። ሦስት ሜትር ሲባል ጥቂት ይመስላል። ነገር ግን የእናንተ ሜዳ በየ50 ሜትሩ አንድ ሜትር ብቻ የሚያዘቀዝቅ ቢሆን፣ ውኃው አንድ ሜትር ከፍ ሲል 50 ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል። እነዚያ በቆሎ የሚዘራባቸው ቦታዎች በጋ የሚሰጣቸው፣ ክረምት የሚወስዳቸው ናቸው። ዘርቶ መብላት የኖረ ልማድ ነው፤ ጎጆ መትከል ግን ሌላ ነው።

በ1995 ጣና በጣም ጎድሎ ነበር። ትልልቆቹ መርከቦች እንኳ ወደ ወደብ መጠጋት ተቸግረው እንደነበር ሰው ሁሉ ያስታውሳል። አጎቴ በዚያ ጊዜ የደረቀውን ሜዳ አይቶ፣ ውኃው ሸሽቶ የቀረ መስሎት፣ ማንንም ሳይጠይቅ ቤት ሠራ። ውኃው ተመለሰ። አንድ ጠዋት የአጎቴ ሚስት ከመኝታዋ ወርዳ እግሯን ስታሳርፍ መደቡ ሥር ያለው አፈር እንደ ሊጥ ለስልሶ እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ገባ። ግድግዳው የፈረሰው በጎርፍ አይደለም፤ ከሥሩ ውኃ እየጠጣ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። የሚያሳዝነው ካሣ የሚጠይቅበት መንገድ አለመኖሩ ነበር፤ ቤቱ የቆመበት መሬት በማንኛውም ደብተር ላይ የእርሱ ተብሎ አልተመዘገበም ነበርና። ስለዚህ ከማንጎዎቹ በታች ያለው ሜዳ የእናንተ አይደለም። ማንጎዎቹ ያሉበት ራሱ የእናንተ ቢሆንም እዚያ ቤት ለመሥራት ፈቃድ የሚሰጥ ባለሙያ ካገኛችሁ ፈቃዱን ከመቀበላችሁ በፊት በመስከረም መጨረሻ መጥቶ እንዲያየው ለምኑት። በግንቦት የታየ ዳርቻ ሰውን ያሳስታል።

እናትዎ የሚሉት የውኃ ነገር ግን በእርግጥ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ በቀላሉ መታለፍ የለበትም። እኔ ያን ዳገት በልጅነቴ ስንት ጊዜ እንደ ወጣሁት አውቃለሁ። ቤቱ ቆርቆሮ የሚሆን ከሆነ አሸንዳ አስገቡለትና ሮቶ ተክሉ። በአንድ ካሬ ሜትር ጣራ ላይ የወረደ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ውኃ ነው። 40 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 800 ሊትር ይሆናል፤ በእኛ አገር ክረምት ይህን ያህል በአንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ የሚወርድበት ቀን አለ። ለመጠጥ አፍልተው ወይም አጣርተው፣ ለማጠቢያና ለዶሮዎቹ እንዲሁ ይጠቀሙበታል። በጋውን ሙሉ ባይደርስም እንስራውን የሚሸከሙበትን ወራት ያሳጥራል፤ የቀረውን ደግሞ ወንድምዎ በአህያ ያመላልሳል። ይህን ለእትዬ በደንብ አድርገው ያስረዷቸው፤ የላይኛውን ግቢ እምቢ የሚሉ አይመስለኝም።

የመሬት አስተዳደር ጡረተኛ ከደብረ ማርቆስ፦

እኅታችን ስለ ባሕር ሸሽ የጻፈችው በየትኛውም ሥልጠና ከሰማሁት ይበልጣል፤ በእርሷ ላይ የምጨምረው የለኝም። ለመምህሩ ማመልከቻውን እንዴት እንደሚያዘጋጁ ብቻ ልግለጽ።

ማመልከቻው በእናትዎ ስም ለቀበሌው አስተዳደር ይጻፍ፤ ለወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ግልባጭ ይደረግ። ጉዳዩ የሚለው ላይ «ለእርጅና በተዳረገው መኖሪያ ቤቴ ምትክ በዚያው ግቢ አዲስ ቤት ለመሥራት እንዲፈቀድልኝ ስለ መጠየቅ» ቢባል በቂ ነው። «በዚያው ግቢ» የሚለውን ቃል አይተዉት፤ የአጠቃቀም ለውጥ አለመኖሩን የሚያስረዳው እርሱ ነው። በውስጡ የቤቱ ርዝመትና ስፋት በሜትር፣ የሚሠራበት ዕቃ፣ የመጸዳጃው ቦታ፣ አሮጌው ቤት መቼ እንደሚፈርስ ይገለጽ። ከደብተሩ ኮፒ ጋር በእጅ የተነሣ ንድፍ ይያያዝ፤ መሐንዲስ ባይሠራውም ችግር የለም፤ አራቱ አዋሳኞችና ከየአንዳንዳቸው ያለው ርቀት ይታይበት። የአራቱ አዋሳኞች ፊርማ ደግሞ በማመልከቻው ጀርባ ይሁን። ሕጉ ፊርማቸውን በግድ ጠየቀም አልጠየቀ፣ ጎረቤት ቀድሞ የፈረመበትን ጉዳይ ኮሚቴው በአንድ ስብሰባ ይጨርሰዋል፤ ያልተጠየቀ ጎረቤት ግን መሠረቱ ሲወጣ ያን ጊዜ ገመድ ይዞ ይመጣል።

ማመልከቻውን በሰው እጅ አይስጡ። መዝገብ ቤት ገቢ አድርገው ቁጥርና ቀን ያለበትን ማኅተም በራስዎ ኮፒ ላይ ያስመቱ። ውሳኔውም ቃለ ጉባኤ ተይዞበት፣ ከቃለ ጉባኤው አንድ ኮፒ ይሰጥዎት። ወራሽነቱን በተመለከተ የፍርድ ቤቱ ሥራ ጊዜ ስለሚወስድ አሁኑኑ ይጀምሩት። እናትዎ የራሳቸው ድርሻ ስላላቸው ሁለቱ ጉዳዮች ጎን ለጎን ቢሄዱም ግንባታው የወንድምዎ የጽሑፍ ፈቃድ ሳይኖር እንዳይጀመር። እርሱም ወራሽ ነው፤ ነገ አግብቶ ቤት ልሥራ ሲል በዚያው ግቢ ውስጥ የት ላይ እንደሚያርፍ ዛሬ በንድፉ ላይ ምልክት አድርጉለት።

መምህር ከፍኖተ ሰላም፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ ወንድሜ የተባለውን በእውነት አላሰብሁበትም ነበር። በንድፉ ላይ በስተ ምሥራቅ በኩል ለእርሱ የሚሆን ቦታ ትቻለሁ፤ ስነግረው ለአፍታ ዝም ብሎ «አሁን ነው ቤቱ የሁላችን የሆነው» አለኝ። እናቴም ስለ ሮቶው ስነግራት የላይኛውን ግቢ ተቀብላለች፤ ነገር ግን በረንዳው ወደ ማንጎዎቹ እንዲዞርላት ጠይቃለች፣ እንዲሁ አድርጌ ንድፉን አስተካክያለሁ።

ማመልከቻው እናንተ እንዳላችሁት ተጽፏል። የመስቀል ሰሞን እረፍት ሲደርስ በጠዋቱ ጀልባ ተሻግሬ ከእናቴ ጋር አራቱን አዋሳኞች አስፈርመን፣ በዚያው ውኃው ሞልቶ የት ድረስ እንደሚመጣ በዓይኔ አይቼ፣ ማመልከቻውን ገቢ አደርጋለሁ። ለቆርቆሮው ነጋዴ ገና ቀብድ አልከፈልሁም፤ ቃለ ጉባኤው በእጄ እስኪገባ ድረስም አልከፍልም። ገቢ የሆነበትን ቁጥርና ኮሚቴው የሰጠውን መልስ፣ መልካምም ቢሆን ባይሆንም፣ ለሌላው እንዲጠቅም እዚሁ እጽፈዋለሁ።